ጣቷ ያለቀበት ወንዝ

ፈረንሳይ አገር የሚኖር አብሮ አደጌ የዕረፍት ወሩን በእግር ሲጓዝ ከርሞ ፎቶግራፎች ላከልኝ። ለ ፑይ ከምትባል ከተማ ተነሥቶ፣ አንዴ በኮረብታ አንዴ በሎት ወንዝ ዳር እያለ፣ ካኦር ድረስ ዘልቋል። ለስላሳ ዳገት፣ የድንጋይ ቤቶች፣ የ14ኛው ክፍለ ዘመን ባለ ማማ ድልድይ... መንገደኛ እንዳይሳሳት በየዛፉ ግንድ ላይ ነጭና ቀይ ቀለም ተቀብቷል። በመካከለኛው ዘመን ወደ ስፔን ለመሳለም ይጓዙ የነበሩ ምእመናን የረገጡት መንገድ ነው። ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ1998 ዓ.ም. ክፍሎቹን በዓለም ቅርስነት መዝግቧቸዋል።

በስልክ ስናወራ፣ «እናንተ አገር እንዲህ ያለ መንገድ የለም?» አለኝ። «እናንተ አገር» ማለቱን ዋጥ አድርጌ፣ «አለ፤ ቀለም አልተቀባም እንጂ» አልኩት። ይህን ስል አንዲት ሴት ትዝ ብላኝ ነበር።

እምዬ እንላት ነበር። አያቴን አዝላ፣ እናቴን አዝላ፣ በስተርጅናዋ እኔንም ያዘለች ሴት ናት። በ1994 ዓ.ም. ስታርፍ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ቅድመ አያቴ በማጂ አውራጃ በወታደርነት ሲያገለግል ከርሞ፣ ከጠላት ወረራ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ወደ አዲስ አበባ ሲመለስ ይዟት መጣ። ስምንት ዓመት ቢሆናት ነው። በቤታችን ታሪክ የሚነገረው ይኸው ነው። «ይዟት መጣ።» በየት? በምን አኳኋን? ከማን ወስዶ? የጠየቀ የለም። ለጠያቂ እንግዳ፣ «እንደ ቤተሰብ ናት» ይባል ነበር። ይህች «እንደ» የምትባል ቃል ስንቱን ጉድ ተሸክማ እንደኖረች ዛሬ ይገባኛል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። በእኛ ቤት የወጋው ረሳ፤ የተወጋችው ዝም አለች።

አንድ ነገር ብቻ ነግራኛለች። አገሯ ጉም ከበላይ ሳይሆን ከበታች የሚታይበት ተራራ ነው። ሲወስዷት፣ ተመልሳ ለመምጣት እንዲመቻት የተሻገሩትን ወንዝ ሁሉ በጣቷ ትቆጥር ነበር። «አሥር ድረስ ቆጠርኩ፤ ከዚያ ጣቴ አለቀ» አለችኝ። እኛ ልጆች ከግቢ በወጣን ቁጥር የምትጠይቀን ጥያቄም አንድ ነበር። «በየት በኩል ትመለሳላችሁ?»

እነሆ ባለፈው ጥር ጫማዬን አጥብቄ ወደዚያው አቀናሁ። ከሚዛን ወደ ደቡብ፣ የቡናውንና የኮረሪማውን ጫካ እያቋረጥኩ፣ ሲመሽ ቱም ገባሁ። ቱም ከማጂ ተራራ ሥር ያለች ትንሽ ከተማ ናት። በማግሥቱ ማለዳ፣ ለዕረፍት ወደ ቤተሰቦቹ የመጣ አንድ የዲዚ ተወላጅ መምህር መንገዱን ሊያሳየኝ ፈቀደና ሽቅብ ተያያዝነው።

አንባቢ ሆይ፣ አገሩ ያምራል! የሎትን ወንዝ አላየሁም፤ ይህን ግን አይቻለሁ። ጅረቱ ከቋጥኝ ቋጥኝ እየዘለለ ይወርዳል፤ እንሰቱ ጤዛ አዝሎ ቅጠሉን ዘርግቷል፤ ከዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ቀፎ ተጋድሟል። ዳገቱ ጠንከር ሲል፣ «እህቴ፣ ቀስ በይ፤ ተራራው የትም አይሄድም» ይለኛል መምህሩ። እኔም ሳቅ ይለኝና ወዲያው አፍራለሁ። በዚህ መንገድ ላይ ለደስታ መራመድ ይፈቀዳል? እምዬ ይህን ዳገት ቁልቁል ስትወርድ አበባ አይታ ይሆን?

ጅረት በተሻገርን ቁጥር እቆጥራለሁ። ከአንድ ጅረት ማዶ መምህሩ በሣር የተዋጠ የድንጋይ ካብ አሳየኝ። አሮጌ እርከን ነው። ዛሬ ዱር የሆነው ተዳፋት አንድ ጊዜ እርሻ ነበር። «አራሹስ የት ሄደ?» ብዬ ልጠይቅ አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። መልሱ እኛ ቤት ነበር።

በ1890 ዓ.ም. የራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ከከፋ ተነሥቶ ወደ ሩዶልፍ ሐይቅ፣ ማለትም ወደ ዛሬው ቱርካና ሲዘምት፣ ይህ ደቡብ ምዕራብ በማዕከላዊው መንግሥት ሥር ገባ። ከዚያ በኋላ ማጂ የሰፈረው ወታደር ደመወዙ ገባር ነበር። ገባሩም ማረስ ብቻ ሳይሆን መሸጥም ነበረበት፤ የሚሸጠው ደግሞ እሱ ራሱና ልጆቹ ነበሩ። የዝሆን ጥርስ፣ ጠመንጃና ሰው በአንድ ገበያ ዋሉ። ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. የመንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን ባሪያን ቀስ በቀስ ነጻ የሚያወጣ ደንብም ወጣ። ወረቀቱ ግን አዲስ አበባ ነበር፤ ማጂ ሩቅ ነው። የባርነት ሥርዐት በአዋጅ የተሻረው ከነጻነት በኋላ፣ በ1934 ዓ.ም. ነው።

እንግሊዞችም በዚያ ዘመን ማጂ ላይ ቆንስላ ከፍተው ነበር። ቆንስሉ አርኖልድ ሆድሰን እ.ኤ.አ. በ1929 ዓ.ም. ስለ አካባቢው ባሳተመው መጽሐፍ በርዕሱ ላይ ያነገሠው አንበሳን ነው፤ አደን ይወድ ነበርና። በዚህ ተራራ ለደስታው የተራመደ ሰው እኔ የመጀመሪያዋ አይደለሁም ማለት ነው።

ይህን ስል ፈረንሳዮች ንጹሕ ናቸው ማለቴ አይደለም። በሎዋር ወንዝ ዳር ያለችው ናንት ከተማ በባሪያ ንግድ የከበረች ወደብ ነበረች። ይሁንና እ.ኤ.አ. በ2012 ዓ.ም. በዚያው በወንዙ ዳር መታሰቢያ ሠርተዋል። ሰው በእግሩ ሲንሸራሸር፣ ከመሬቱ ላይ ወደ 2 ሺህ በሚጠጉ የመስታወት ሰሌዳዎች መካከል ያልፋል። በአብዛኞቹ ላይ የባሪያ ጫኝ መርከቦች ስምና ዘመን ተጽፏል። እኔ በሄድኩበት መንገድ ላይ ግን አንድም ጽሑፍ አላየሁም።

እኩለ ቀን ሲሆን አፋፉ ላይ ደረስን። ዞር ብዬ አየሁ። ጉሙ ከበታቼ ነበር። እምዬ አልዋሸችም።

መምህሩ ከአንድ ሽማግሌ ዘመዱ ቤት አስገባኝ። የቡና ቅጠል ከቅመም ጋር ተፈልቶ በቅል ቀረበልን። ከዚህ አገር የሄደች አያቴን ዱካ ፍለጋ እንደመጣሁ ተናገርኩ። ሽማግሌው በዲዚኛ ይናገራሉ፤ መምህሩ ያስተረጉማል።

«ስሟ ማን ነበር?» አሉ።

ቤታችን ያወጣላትን የክርስትና ስም ነገርኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ።

«የመጀመሪያውን ማለቴ ነው።»

ዝም አልኩ። አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ እጄን እያጠበች ያበላችኝን ሴት ስሟን አልጠየቅኋትም።

«ዲዚ ትሁን የጎረቤቶቻችን ልጅ ትሁን እንግዲህ አይታወቅም» አሉ ሽማግሌው። «ስሟ ግን እዚህ አለ። እኔ የተጠራሁት በአጎቴ ስም ነው። በልጅነቱ ወስደውት ሲቀር ስሙ እንዳይቀር ብለው ለእኔ አወጡት። የሷም ስም አንዲት ሴት ላይ ይኖራል። ስሟ የጠፋው እናንተ ዘንድ ነው።»

ከዚህ በኋላ ቀሪውን መደበቅ አልተቻለኝም። እስከዚያ ሰዓት የፈላጊዋ ወገን ብቻ ሆኜ ነበር የተቀመጥኩት።

«የወሰዳት ቅድመ አያቴ ነው» አልኩ።

መምህሩ ወዲያው አልተረጎመውም። አየኝ፤ ቅሉን መሬት ላይ አስቀመጠ፤ ከዚያ ቀስ ብሎ ተናገረው። ሽማግሌው ለረጅም ጊዜ በሩን፣ ከበሩም ማዶ ጉሙን ሲመለከቱ ቆዩ። ይቆጡ ይሆናል ብዬ ጠበቅሁ፤ ቢቆጡ ቀለል ባለኝ። ይቅር ይሉኝ ይሆናል ብዬም አሰብኩ፤ ይህ ደግሞ የባሰ ነበር። ሁለቱንም አላደረጉም። ቅሌን አንሥተው ሞሉልኝና አንድ ነገር ጠየቁ።

መምህሩ ተረጎመው። «በየት በኩል ትመለሻለሽ?»

«በመጣሁበት» አልኩ፤ ድምፄ ግን በቅጡ አልወጣም።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ቁልቁል ጀመርን። ያን መንገድ እሷ በወረደችበት አቅጣጫ ስወርደው የመጀመሪያዬ ነበር። መምህሩ ወደፊት ቀደመኝ። መጀመሪያው ጅረት ላይ ስደርስ ጫማዬን አወለቅሁ፤ ውሃው አጥንት ድረስ ይቀዘቅዛል። ተሻገርኩና አውራ ጣቴን አጠፍኩ።

አንድ።