ዘይት የምትበላ መኪና

እስቲ መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ግቡና «መኪናዬ ዘይት ትበላለች» በሉ። መለዋወጫ ሻጩ፣ መካኒኩ፣ ደላላው፣ ሊስትሮው ሳይቀር መድኃኒት ያዝላችኋል። አንዱ «ወፍራም ዘይት አድርግባት» ይላል። ሌላው ከመደርደሪያ ቆርቆሮ አውርዶ «ይቺን ጠብ አድርግባት፣ ጭሱ ጥፍት ነው የሚለው» ይላል። ሦስተኛው ኮፈኑን እንኳ ሳይከፍት «ሞተር ይወርዳል!» ብሎ ይፈርዳል። ምን ያህል እንደምትበላ፣ መቼ መቼ እንደምታጨስ የሚጠይቅ ግን ከስንት አንድ ነው።

ጎረቤቴ አስተማሪ ነው። ዕቁቡን፣ የባለቤቱን ወርቅና ከዘመድ የተበደረውን አንድ ላይ አድርጎ ያገለገለች ኮሮላ ገዛ። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ እዚሁ ያለችው አሮጊት እንደ ቅርስ ነው የምትታየው። በሦስተኛው ሳምንት የዘይት መለኪያውን ቢመዘው ጫፉ ደርቋል። ማታ ካርቶን ከሥሯ አንጥፎ አደረ፤ ጠብታ የለም። የሚፈስ ካልሆነ እንግዲህ የሚቃጠል ነው።

አብሬው ሶማሌ ተራ ሄድኩ። በዕድሜ የገፉ አንድ መካኒክ መለኪያው ላይ የቀረውን ዘይት በጣታቸው አሸት አሸት አድርገው «ሲሸጡልህ ወፍራም አድርገውላት ነው» አሉት። ቀጥለው «ልጄ፣ የምታጨሰው ጠዋት ስትነሳ ነው ዳገት ስትወጣ?»

ጥያቄው ቀላል አይደለም። ጠዋት ስትነሳ ሰማያዊ ጭስ ቡፍ አድርጋ ከተወች፣ ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ ከላይ ከቴስታታው ነው፤ የቫልቭ ጎሚኒዎቹ ደርቀው ዘይት ያሳልፋሉ። ጎሚኒ ደግሞ ትንሽ ጎማ ናት፤ ብዙ ጊዜ ሞተር ሳይወርድ ትቀየራለች። ዳገት ላይ ሳታቋርጥ የምታጨስ ከሆነ ግን የፒስተን ሪንጉ አልቋል፣ ወይም ተጣብቋል። (ቴስታታ፣ ካንዴላ፣ ማርሚታ፣ መርካቶ ራሱ... ጣሊያን ወጣ፣ ቃሉ ቀረ።)

ሽማግሌው በወሬ አልፈረዱም። ካንዴላዎቹን ፈትተው የየሲሊንደሩን ግፊት ለኩ። ዝቅ ባለው ውስጥ ጥቂት ዘይት ጠብ አድርገው ደግመው ለኩ፤ ግፊቱ ወጣ። ዘይቱ በሪንጉ ዙሪያ ያለውን ክፍተት ለጊዜው ስለደፈነው ነው። ጥፋቱ የቫልቭ ቢሆን ባለበት ይቆይ ነበር። «ሪንግ ነው» አሉ፤ አበቃ።

እንዲህ ያለው ነገር አሮጌ መኪና ላይ ብቻ የሚመጣ እንዳይመስላችሁ። ቶዮታ እንኳ እ.ኤ.አ. በ2015 አሜሪካ ውስጥ ለአንዳንድ 2.4 ሊትር ሞተሮቹ ዋስትናውን አራዝሞ ፒስተንና ሪንግ በነፃ ቀይሯል። ከመቀየሩ በፊት ግን ዘይቱን ሞልቶ፣ 2 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ አስነድቶ ይለካ ነበር። መጀመሪያ ልኬት፣ ከዚያ መፍቻ።

ሒሳቡን ሰምተን ስንወጣ ደላላው ከኋላችን ደረሰ።

«ቲቸር፣ ምን አለፋህ? ወፍራም ዘይት እናድርግባትና በሳምንት ውስጥ አሸጥልሃለሁ።»

«ማን ይገዛታል?»

«አንድ ሰው አይጠፋም!»

እኔ ይቺ «አንድ ሰው» የምትባል ነገር ታናድደኛለች። ያ ሰው እኮ ከፊቴ ቆሟል፤ እሱም የባለቤቱን ወርቅ ሸጦ ነው የመጣው። ወፍራም ዘይት ደግሞ ጭሱን ለጥቂት ጊዜ ይሸፍን እንደሆነ እንጂ ያለቀ ሪንግ አይጠግንም። በአዲስ አበባ የጠዋት ብርድ ሞተሩ ጫፍ ለመድረስም ይዘገያል፤ እስኪደርስ ብረት ከብረት ይፋጫል።

ጎረቤቴ አልሸጣትም። ማሠሪያው እስኪጠራቀም አንድ ሊትር ዘይት ከኋላ ይዞ ይዞራል። እሁድ እሁድ ሜዳ ላይ አቁሟት፣ ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ትንሽ ጠብቆ ይለካል፤ የጨመረውንና የነዳውን ኪሎ ሜትር በተማሪ ደብተር ይጽፋል። ደላላው አሁንም ይደውላል።