ሁለት ቤት ያለው ተከራይ

ስልሳ ዓመት ሞልቶኝ ጡረታ የወጣሁ ዕለት የሥራ ባልደረቦቼ ጋቢ አልብሰው ሸኙኝ። «እንግዲህ ከቤትህ አርፈህ ተቀመጥ» ማለታቸው ነው። መቀመጡንስ እቀመጣለሁ፤ ግን በየትኛው ቤት?

አንደኛው ቤቴ ደብረ ብርሃን ነው። ከአባቴ የወረስኩት፣ ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል የሚርቅ ቤት። ግድግዳው ጭቃ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፤ ከደጁ አንድ የሐበሻ ጽድ፣ ከጓሮው የድንች መደብ አለው። ኅዳር ላይ ውርጩ የጎመኑን ቅጠል ቢያቃጥለውም ያ አፈር የእኔ ነው። ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ ጠመኔ ይዤ ሳስተምር የማልመው ዶማ መያዝን ነበር።

ሁለተኛው ልደታ ነው፤ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ። የጋራ ቤቶቹ በ1990ዎቹ መጨረሻ መሠራት ሲጀምሩ፣ አብዛኞቹ ከአራት ፎቅ እንዳያልፉ የተደረገው የአሳንሰር ወጪ እንዲቀር ነው። ቁልፉን ስንረከብ ገና በአርባዎቹ ውስጥ ነበርንና 72 ደረጃ መውጣት እንደ ጨዋታ ነበር። አብረነው እንደምናረጅ ያሰበ አልነበረም። ውኃው በፈረቃ ይመጣል፤ ግፊቱ ሲደክም እኛ ዘንድ ሳይደርስ ይቀርና በጀሪካን እናመላልሳለን። ባለቤቴ ደግሞ ጉልበቷን ታማለች። ሐኪሙ «ደረጃ ይቀንሱ» ብሏታል።

ታዲያ ይህ ምን ምርጫ አለው? ትል ይሆናል አንባቢ። እኔም ያልኩት ይህንኑ ነው። «ደብረ ብርሃን እንሂድ» አልኳት።

«አንዴ ተነቅያለሁ፤ ሁለተኛ አልነቀልም» አለችኝ።

ባለቤቴ የልደታ ልጅ ናት። ወላጆቿ ተከራይተው የሚኖሩበት ቤት በሐምሌ 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ከግለሰብ እጅ ወጥቶ የቀበሌ ቤት ሆነ። እርሷም በዚያው ተወለደች፤ በዚያው አገባኋት። በ2001 ዓ.ም. ገደማ አሮጌው ልደታ በመልሶ ማልማት ሲፈርስ፣ የቀበሌ ተከራዮች ወይ ኮንዶሚኒየም ወይ በሌላ ሰፈር የቀበሌ ቤት እንዲመርጡ ተጠየቁ። ቅድመ ክፍያውን የቻለ ኮንዶሚኒየም ወሰደ፤ ያልቻለ ጓዙን ጭኖ ሄደ። እኛ የቻልነው ወርቋን ሸጣ ነው። ዕድሩ ግን እንደ ተበጠሰ መቁጠሪያ ተበተነ። ዛሬም ሰው ሲሞት ከከተማው ዳር ድረስ ሁለት ታክሲ ይዘው የሚመጡ አሮጊቶች አሉ። ባለቤቴ ዓመታት ፈጅታ፣ ከነባሩም ከእንግዳውም፣ በዚያው ብሎክ ሌላ ጉርብትና ሠራች። ጉልበቷ እስኪከዳት ድረስ የማታውቀው በር አልነበረም።

ባለፈው ዓመት ግንቦት 1 ቀን፣ በልደታ ማርያም ዕለት፣ ጎረቤቶቻችን እንደ ልማዳቸው ከሁለቱ ብሎኮች መካከል ጉልቻ ጎልተው ንፍሮ ጣዱ። የግንቦት ልደታ ንፍሮ ከደጅ እንጂ ከቤት አይበላም። ባለቤቴ ያን ሰሞን መውረድ አቅቷት ከበረንዳ ቆማ ታያቸው ነበር። እኔ ክፉው በልቤ «አሁን ይገባታል» አልኩ።

ጥቂት ቆይቶ በራችን ተንኳኳ። ሰባት ሴቶች ድስቱን ከነትኩሳቱ ተሸክመው ወጥተው፣ ከደረጃው ማረፊያ ላይ ተቀምጠዋል።

«እዚህም ደጅ ነው» አለች አንዷ፣ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ እያለ።

ባለቤቴ ከመድረኩ አንድ እርምጃ ወጥታ በላች። ከዚያን ቀን ወዲህ ደብረ ብርሃንን አላነሳሁባትም። የአባቴ ሰፈር ሰዎች ክፉዎች ሆነው አይደለም፤ ደጎች ናቸው። ነገር ግን ባለቤቴን በልጅነት ስሟ የሚጠራ አንድም ሰው እዚያ የለም።

ንፍሮ ግን ጉልበት አያድንም። ክረምቱ ሲገባ በእኛው ብሎክ የአንደኛ ፎቅ ተከራይ ለቀቀ። አራተኛ ፎቅ ያለውን የራሳችንን ቤት አከራይተን ያንን ልንከራይ ቆረጥን። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል በጽሑፍ ሆኖ ይመዘገባል፤ ዘመኑም ከሁለት ዓመት አያንስም። በእኔ ዕድሜ ሁለት ዓመት ቀላል አይደለም። ውሉን ስፈርም፣ ከተማሪዎቼ በዕድሜ የሚያንሰው አከራይ ሽበቴን አይቶ አዘነልኝ።

«አባባ፣ ይህን ሁሉ ዘመን ሠርተው የራስዎ ቤት የለዎትም?»

ሁለት አለኝ ብለው ጤንነቴን ይጠራጠራል ብዬ ዝም ብዬ ፈረምኩ። ውሸት አልናገርም፤ እጄ ከብዶኝ ነበር። በእኛ ዘንድ ሰው የሚለፋው ኋላ ከሰው ቤት እንዳይኖር ነው። እኔ ደግሞ ሁለት ካርታ ከሣጥን ቆልፌ ከሰው ቤት ገባሁ።

አሁን ደረጃችን 18 ነው። ከላይ የምቀበለውን ኪራይ ለታችኛው እከፍላለሁ፤ የጎደለውን ከጡረታዬ እሞላለሁ። ደብረ ብርሃን አንዲት ወጣት መምህርት ተቀምጣለች፤ ድንቹንም የምትኮተኩተው እርሷ ናት። በጥቅምት አንድ ኬሻ ላከችልኝ። አፈሩን ሳላራግፍ ሁለት ቀን ከበረንዳ አቆየሁት። ባለቤቴ አየችኝ፤ ምንም አላለችም።

ዘንድሮ ግንቦት 1 ቀን ንፍሮውን የጣደችው እርሷ ናት።