የሽማግሌው ክንድ በካንሳስ ሲቲ

አንባቢ ሆይ፤ የአሜሪካን ካርታ ዘርግተህ ጣትህን ከመካከሉ ላይ ብታሳርፍ ከካንሳስ ሲቲ ብዙ አትርቅም። ከተማይቱ የካንሳስ ወንዝ ከሚዙሪ ወንዝ ጋር በሚገናኝበት ሥፍራ የተቆረቆረች ስትሆን፤ ትልቋ በሚዙሪ ግዛት፥ ስመ ሞክሼዋ ደግሞ በካንሳስ ግዛት ውስጥ ይገኛሉ። ከቺካጎ በባቡር የተነሣ መንገደኛ ከሰባት ሰዓት በላይ ተጉዞ በ1914 ዓ.ም. በተከፈተው ታላቅ የባቡር ጣቢያ ይወርዳል። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አደባባዮቿ በሰው ሠራሽ ፏፏቴ ያጌጡ ናቸው፤ በእንጨት ጢስ ቀስ ብሎ የሚበስለው ሥጋዋም ዝናው ከሀገሩ አልፏል።

እኔ ግን ወደዚያ የምወስድህ ለፏፏቴውም ለሥጋውም ብዬ አይደለም። አርጅቶ ወደ ቀድሞ ሠፈሩ የተመለሰ የቤዝቦል ወርዋሪ ምን ተስፋ አለው? ለሚለው ጥያቄ ይህች ከተማ መልስ ስላላት ነው። እንዲህ ያለውን ሰው ሁለት ጊዜ ተቀብላለችና።

አስቀድሞ ስለ ጨዋታው ጥቂት ልንገርህ። የገና ጨዋታን የምታውቅ ከሆነ ዱላና ኳስ እንግዳ አይሆኑብህም። በቤዝቦል ግን ኳሱ ከመሬት አይለጋም፤ ወርዋሪው ከአፈር ጉብታ ላይ ቆሞ 18 ሜትር ተኩል ያህል ርቆ ወደሚጠብቀው መቺ ይወረውረዋል። ጠንካራ ወርዋሪ የላከው ኳስ በሰዓት ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሚበር፤ ግማሽ ሴኮንድ በማይሞላ ጊዜ ከመቺው ዘንድ ይደርሳል። ይህን የሚያደርገው ክንድ ግን ከሥጋና ከጅማት የተሠራ ነው። ትከሻውና ክርኑ በየጊዜው ይቆስላሉ፤ ከሠላሳ ዓመት በኋላም ፍጥነቱ ይቀንሳል። ስለዚህ ወርዋሪ በሌላው ሥራ ገና ጎልማሳ በሚባልበት ዕድሜ በሙያው ሽማግሌ ይባላል።

አሁን ወደ 18ኛውና ቫይን ጎዳናዎች መገናኛ እንሂድ። ጥቁሮችና ነጮች ተለያይተው ይኖሩ በነበረበት ዘመን የጥቁሮች ሠፈር ልብ ይህ ነበር። የጃዝ ሙዚቃ በየምሽቱ የሚሰማበት፥ ቻርሊ ፓርከርም ያደገባት ከተማ ናት። ከዚህ ብዙም ሳይርቅ በሚገኘው በፓሴዮ የወጣቶች ማኅበር ሕንፃ፥ በየካቲት ወር 1920 ዓ.ም.፥ ሩብ ፎስተርና ባልደረቦቹ ተሰብስበው የጥቁሮችን ብሔራዊ ሊግ መሠረቱ። ነጮቹ ሊጎች ጥቁር ተጫዋች አንቀበልም ስላሉ ነው። ዛሬ በዚሁ ሠፈር የእነዚያ ሊጎች ቤተ መዘክር አለ። በውስጡ በትንሽ ሜዳ ላይ የቆሙ የነሐስ ተጫዋቾችን ታያለህ፤ ከጉብታው ላይ ሊወረውር የተዘጋጀው ረጅሙ ሰው ሳቸል ፔጅ ነው።

ፔጅ በ1906 ዓ.ም. በአላባማ ግዛት በሞቢል ከተማ ተወለደ። በ1938 ዓ.ም. በሜክሲኮ ሲጫወት ክንዱ ታመመ፤ ኳስ መወርወር ቀርቶ ክንዱን ማንሣት ጭንቅ ሆነበት። ብዙ ሰው አለቀለት ሲል፥ የካንሳስ ሲቲ ሞናርክስ ባለቤት ዊልኪንሰን ብቻ ከሁለተኛው ቡድኑ ጋር እየዞረ እንዲጫወት ቀጠረው። ስሙ ተመልካች ይስባል ብሎ ነበር። ነገር ግን ክንዱ ዳነ፤ በ1942 ዓ.ም. ሞናርክስ የጥቁሮችን የዓለም ሻምፒዮና ሲያሸንፉ ከፊት የቆመው እርሱ ነበር። በ1948 ዓ.ም.፥ በ42 ዓመቱ፥ ለክሊቭላንድ ተሰልፎ በትልቁ ሊግ ጀማሪ ተባለ!

አሁን ጥቂት ወደ ደቡብ ምሥራቅ፥ ወደ 22ኛው ጎዳናና ብሩክሊን መገናኛ ብትሻገር መኖሪያ ቤቶችን ታያለህ። እስከ 1976 ዓ.ም. ድረስ በዚያ ስታዲየም ነበር። ሞናርክስ የተጫወቱበት ሜዳ ነው፤ በኋላ ግን አትሌቲክስ የሚባለው የትልቁ ሊግ ቡድን ይጫወትበት ጀመር። ይህ ቡድን በ1965 ዓ.ም. ከሁሉ መጨረሻ ሆኖ ወንበሩ ባዶውን ሲቀር፥ ባለቤቱ ቻርልስ ፊንሊ የ59 ዓመቱን ፔጅ ጠራው። ለማስታወቂያም ሲል ከሜዳው አጠገብ የሚወዛወዝ ወንበርና ነጭ የለበሰች ነርስ አዘጋጀለት። አንበሳ ሲያረጅ የዝንብ መጫወቻ ይሆናል እንደተባለው፥ ብዙ ሰው ሊሥቅ መጣ።

መስከረም 25 ቀን ምሽት ከ9,000 የሚበልጥ ሰው ፊት ሽማግሌው ከወንበሩ ተነሥቶ ወደ ጉብታው ወጣ። በቦስተን መቺዎች ላይ ሦስት ዙር ወረወረ፤ አንድም ነጥብ አላገኙበትም። ኳሱን በደንብ የመታው ያስትሬምስኪ ብቻ ነው። ፔጅ ሲወጣ የስታዲየሙ መብራት ጠፋ፤ ሕዝቡም ክብሪት እየጫረ ዘመረ። ሊሥቅ የመጣው ሰው በአክብሮት ሸኘው ማለት ነው።

ይሁን እንጂ፥ አንባቢ ሆይ፥ በተለይ አንተ በመሥሪያ ቤት ደመወዝተኛ ከሆንህ፥ ከጭብጨባው በኋላ ያለውን ተመልከት። ፔጅ የትልቁን ሊግ የጡረታ አበል ለማግኘት 158 ቀን ይጎድለው ነበር። በጥቁሮች ሊግ ያገለገለው ዘመን ሁሉ አልተቆጠረለትም፤ ያኔ በር የተዘጋበት እርሱ፥ በኋላ አልገባህም ተብሎ የተቀጣውም እርሱ! የጎደለውን ቀን እንዲሞላ በ1968 ዓ.ም. የቀጠረው የአትላንታ ቡድን ነው። የጥቁሮች ሊጎች እንደ ትልቅ ሊግ የታወቁት በ2020 ዓ.ም. ሲሆን፥ ፔጅ ከሞተ 38 ዓመት አልፎት ነበር።

ሁለተኛውን ሰው ለማየት ወደ ከተማይቱ ምሥራቃዊ ዳርቻ፥ በ1973 ዓ.ም. ወደተከፈተው ካውፍማን ስታዲየም መሄድ አለብን። ከሜዳው ባሻገር ትልቅ ፏፏቴ ይፈስሳል። የዛክ ግሪንኪ ቡድን ሮያልስ የሚጫወተው እዚህ ነው። ግሪንኪ በ2004 ዓ.ም. በ20 ዓመቱ ተሰለፈ። በ2006 ዓ.ም. በጭንቀትና በመንፈስ ጭፍግታ ታሞ ጨዋታውን እስከ መተው ደረሰ፤ ታክሞ ተመለሰና በ2009 ዓ.ም. የሊጉ ምርጥ ወርዋሪ ተብሎ ሳይ ያንግ የሚባለውን ሽልማት ወሰደ። ከ2010 ዓ.ም. በኋላ ግን በአምስት ሌሎች ቡድኖች ዘንድ ዞረ።

በ2022 ዓ.ም. በ38 ዓመቱ ሲመለስ፥ በሰዓት ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ይበር የነበረው ኳሱ ወደ 143 ገደማ ወርዷል። በፍጥነት ፈንታ የቀረለት እውቀት ነበር፤ ክንዱን በአንድ ዓይነት እያወናጨፈ አንዱን ኳስ ፈጣን፥ ሌላውን ዝግ ያለ እያደረገ መቺውን ያታልላል። በመክፈቻው ቀን ክሊቭላንድን 3 ለ 1 ሲያሸንፉ ወርዋሪው እርሱ ነበር፤ ቡድኑን መሪ ያደረገውን ምት የመታው ደግሞ በዚያው ቀን ሥራ የጀመረው የ21 ዓመቱ ቦቢ ዊት ነው። ግሪንኪ በትልቁ ሊግ ሲጀምር ዊት ገና የሦስት ዓመት ሕፃን ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው ቁጥር አይጣፍጥም። በመጀመሪያው ዓመት 4 ጨዋታ አሸንፎ 9 ተሸነፈ፤ በሁለተኛው 2 አሸንፎ 15 ተሸነፈ። ቡድኑም በ2023 ዓ.ም. 106 ጊዜ ተሸነፈ። ሆኖም ጥቅምት 1 ቀን 2023 ዓ.ም.፥ በወቅቱ የመጨረሻ ጨዋታ፥ ኒው ዮርክ ያንኪስን በገዛ ሜዳው አሸነፈ። ድሉ 225ኛው ነው። መቺዎችን ሳይመቱ ያሰናበተበት ቁጥር 2,979 ላይ ቆመ፤ ለ3,000 የቀረው 21 ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲያ በትልቁ ሊግ አልወረወረም።

እንግዲህ መልሱ ምንድን ነው? የተመለሰው ሰው የጥንቱን ጉልበት አያገኝም፤ ያንን የሚጠብቅ ባለቤትም ራሱን ያታልላል። ግን ፔጅ በሦስት ዙር፥ ግሪንኪም በመክፈቻውና በመዝጊያው ቀን እንዳሳዩት፥ ጉልበት ሲያልቅ ብልሃት ጥቂት ይቆያል፤ ለጥቂት ጊዜም ሥራ ይሠራል። ወደሚያውቁት ሕዝብ የተመለሰ ሰው ትርፍ የሚያገኘው አንድ ነገር አለ፤ ሲደክም እንኳ የሚያዩት ሰዎች ብርቱ የነበረበትን ቀን ያስታውሱለታል። ይህ ግን እንጀራ አይሆንም። ፔጅን ያከበረው የክብሪቱ ብርሃን ነው፤ ያጦረው ግን በአትላንታ የተቆጠረለት ቀን ነው። ስለዚህ ወጣቱ አንባቢዬ፥ ክንድህ ብርቱ ሳለ ብልሃቱን ተማር፥ የአገልግሎት ዘመንህም በትክክል መመዝገቡን ተከታተል።

ወደ ካንሳስ ሲቲ ከሄድህ በመጨረሻ ፎረስት ሂል የሚባለውን የመቃብር ሥፍራ ጎብኝ። ብዙ ከተሞች የተጫወተው ሳቸል ፔጅ በ1982 ዓ.ም. ሲሞት የተቀበረው፥ ክንዱ በታመመ ጊዜ በተቀበለችው በዚህች ከተማ ነው።