ባሕር የሚሻገር ትምህርት ቤት

አንባቢ ሆይ፤ በመሥሪያ ቤትህ ወይም በትምህርት ቤትህ ግድግዳ ላይ የዓለም ካርታ ተሰቅሎ እንደ ሆነ፣ ጥቂት ቀረብ በልና ከአውስትራሊያ በስተምሥራቅ ያለውን ሰማያዊ ስፍራ ተመልከት። የፓሲፊክ ውቅያኖስ ነው። በመካከሉ ከዝንብ እግር የማይበልጡ ነጥቦች ተበታትነው ታያለህ። አታሚው ቀለም ያንጠባጠበባቸው እንዳይመስልህ። ከነዚህ ነጥቦች ብዙዎቹ ራሳቸውን የቻሉ አገሮች ናቸው፤ ሰንደቅ ዓላማ አላቸው፤ ፓርላማ አላቸው፤ የትምህርት ሚኒስቴርም አላቸው። ዘጠኝ ደሴቶች ያሏት ቱቫሉ የብሷ ሁሉ ቢደመር 26 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ሕዝቧም ወደ 11,000 ገደማ ነው። ናውሩ 21 ካሬ ኪሎ ሜትር ብቻ ናት። ኪሪባቲ ደግሞ 120,000 የሚያህል ሕዝብ ይዛ፣ 33 ደሴቶቿን 3.5 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር በሚያህል ባሕር ላይ በትናቸዋለች።

እንግዲህ ልጠይቅህ፤ እንዲህ ያለች አገር ለልጆቿ ዩኒቨርሲቲ ከየት ታምጣ? በዓመት ሕግ ለመማር የሚበቁት አምስት፣ ለሒሳብ አያያዝ የሚበቁት አሥር ቢሆኑ፣ ለአምስትና ለአሥር ሰው ፋኩልቲ ይከፈታልን? ወደ ውጭ አገር እንዳትልካቸው ወጪው ከባድ ነው፤ ተምሮ በዚያው የሚቀረውም ጥቂት አይደለም። ዝም ብላ እንዳትቀመጥ ደግሞ ሐኪሙንም መምህሩንም ዳኛውንም ሁልጊዜ ከባዕድ አገር ስትለምን ልትኖር ነው።

የፓሲፊክ ሰዎች ለዚህ ጥያቄ ያገኙት መልስ በእኛ ቋንቋ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚባለው ነው። በ1968 (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) የደቡብ ፓሲፊክ ዩኒቨርሲቲ በፊጂ ዋና ከተማ በሱቫ ተቋቋመ። ቦታው ቀድሞ የኒው ዚላንድ አየር ኃይል በባሕር ላይ የሚያርፉ አውሮፕላኖቹን ያሳድርበት የነበረ ሰፈር ነው። ዛሬ የዩኒቨርሲቲው ባለቤቶች 12 አገሮች ናቸው። የእርሻው ትምህርት በሳሞአ፣ የሕጉ ትምህርት በቫኑዋቱ ስፍራ ተሰጠው። አገልግሎቱ የሚዳረስበት ባሕር 33 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው ይባላል፤ ይህም ከመላው አፍሪካ ስፋት ይበልጣል።

ሆኖም ሱቫ ላይ ሕንፃ መሥራቱ ብቻ ነገሩን አልፈታውም። ሦስት ልጆች የምታሳድግ የቱቫሉ መምህርት ቤቷን ዘግታ ለአራት ዓመት ወደ ሱቫ ልትሄድ አትችልም። በደመወዙ እናቱንና ወንድሞቹን የሚረዳ የመዝገብ ቤት ጸሐፊም እንዲሁ። ቶከላው የተባሉት ሦስት ደሴቶች እስከ ዛሬ አውሮፕላን ማረፊያ የላቸውም፤ ከሳሞአ የሚነሣው መርከብ እዚያ ለመድረስ ከአንድ ቀን በላይ ይጓዛል። ስለዚህ ተማሪው ወደ ትምህርቱ መሄድ ካልቻለ ትምህርቱ ወደ ተማሪው ይሂድ ተባለ። ከ1970ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ ዩኒቨርሲቲው መጻሕፍቱን፣ የማጥኛ መምሪያውንና የቤት ሥራውን እየጠቀለለ በአውሮፕላንና በመርከብ ይልክ ጀመር። የርቀት ትምህርት የምንለው ይህ ነው። በየአገሩም ማዕከል ተከፈተ፤ ተማሪው ጥቅሉን ከዚያ ይወስዳል፣ ፈተናውንም እዚያው ተቀምጦ ይፈተናል።

ቀጥሎ የመጣው ነገር ደግሞ ያስደንቃል። አሜሪካኖች በ1966 ወደ ሰማይ የላኩትን አንድ ሰው ሠራሽ ጨረቃ፣ ማለት ሳተላይት፣ ዩኒቨርሲቲው በ1970ዎቹ እንዲጠቀምበት ተፈቀደለት። የዩኒቨርሲቲው መሣሪያ ምስል አያስተላልፍም ነበር፤ የሚያስተላልፈው ድምፅ ብቻ፣ እሱንም በአንድ መስመር ነው። ከሱቫ መምህሩ ሲናገር በየደሴቱ ያሉት ሁሉ ያዳምጣሉ፤ ከቶንጋ አንድ ተማሪ ሊጠይቅ ሲጀምር ሌላው ሁሉ ዝም ይላል። እስቲ አስበው፤ በሺህ ኪሎ ሜትር የተለያዩ ሰዎች በየክፍላቸው ተቀምጠው ተራ እየጠበቁ በአንድ ድምፅ ዙሪያ ሲሰበሰቡ! ያ ሳተላይት በ1985 አገልግሎቱን ጨረሰ። በ2000 ግን ጃፓን፣ አውስትራሊያና ኒው ዚላንድ ረድተውት ዩኒቨርሲቲው የራሱን መስመር ዘረጋ፤ ከዚያም ወዲህ ምስሉም ኢንተርኔቱም ተጨመረ።

ችግሩ ግን በመሣሪያ ብቻ የሚያልቅ አይደለም። ሱቫ ላይ ሰኞ ጠዋት ሲሆን በኩክ ደሴቶች ገና እሑድ ነው፤ የቀን መለወጫው መስመር በመካከላቸው ያልፋልና። ሰኞ ጠዋት ትምህርት ቢጠራ የኩክ ደሴቶች ተማሪ ቤተ ክርስቲያን ነው። ቫኑዋቱ ውስጥ 300,000 የሚያህል ሕዝብ ከ100 በላይ ቋንቋዎች ይናገራል፤ ትምህርቱ የሚመጣው ግን በእንግሊዝኛ ነው። መጽሐፉን የጻፈው ሰው ሱቫ ተቀምጦ ይህን ሁሉ ካላሰበው፣ ጥቅሉ ደሴቱ ላይ ደርሶ ትምህርቱ ሳይደርስ ይቀራል።

ስለ እነዚህ ሩቅ አገሮች የተጻፈውን እየፈለግሁ እንዳነብ ያነሣሣኝ ምን እንደ ሆነ ላጫውትህ። በወጣትነቴ በአንድ ወረዳ ከተማ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ሳለሁ፣ ከጓደኞቼ ጋር አሥራ አራት ሆነን የሒሳብ አያያዝ በርቀት ለመማር ተመዘገብን። ሞጁሎቹ በካርቶን ታሽገው በአውቶቡስ መጡልን። ደስታችን ወሰን አልነበረውም፤ እያንዳንዳችን መጻሕፍቱን በጋዜጣ ለበጥናቸው። ከዚያ በኋላ ዝምታ ሆነ። የመጀመሪያው የቤት ሥራዬ ታርሞ የተመለሰልኝ በሰባተኛው ወር ነው፤ በላዩም አንድ ቀይ ቁጥር እንጂ አንዲት የምክር ቃል አልነበረበትም። ለሚያስተምረን ተቋም ደብዳቤ ብንጽፍ መልስ የለም። በሁለተኛው ዓመት አምስት ቀረን። ከመካከላችን እጅግ ጎበዝ የነበረችው እኅታችን፣ የቀን ሥራዋን ጨርሳ ማታ እናቷን የምታስታምም ነበረችና፣ «የሚያነበኝ ከሌለ ለማን እጽፋለሁ?» ብላ ተወችው። ያ ቃሏ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም።

አምስታችንን ለፍጻሜ ያበቃን አንድ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ናቸው። ማንም ሳያዛቸው፣ ማንም ሳይከፍላቸው፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቤታቸውን ከፈቱልን። ሁልጊዜ መልሱን አይነግሩንም ነበር፤ «ይህን መሥመር እንዴት አገኘኸው? እስቲ አስረዳኝ» ይሉን ነበር እንጂ። ቅዳሜ አንድ ሰው እንደሚጠይቀን ስለምናውቅ ከሰኞ እስከ ዓርብ እናጠና ነበር።

ወዳጄ፤ በእኔ አስተያየት የርቀት ትምህርት ምሥጢር እዚህ ላይ ነው። ትምህርቱ ከሩቅ ሊመጣ ይችላል፤ ተማሪውን የሚይዘው ግን ቅርብ ያለ ሰው ነው። የደቡብ ፓሲፊክ ዩኒቨርሲቲም ታላቅ ሥራው በየደሴቱ ማዕከል ከፍቶ፣ በሩን የሚያንኳኳውን ተማሪ በስሙ የሚያውቅ ሰው ማስቀመጡ ይመስለኛል። ሳተላይቱ ያለ ማዕከሉ ቢመጣ ኖሮ ማን ሰብስቦ ያዳምጠው ነበር?

«ክፍት» የሚለውንም ቃል በዚሁ ሚዛን ልንመዝነው ይገባል። የእንግሊዝ ኦፕን ዩኒቨርሲቲ በ1969 ተቋቁሞ በ1971 ማስተማር ሲጀምር፣ የሁለተኛ ደረጃ ምስክር ወረቀት የሌለውንም ተማሪ መቀበሉ ዓለምን አስገርሞ ነበር። በር መክፈት ታላቅ ነገር ነው። ግን በሩ ተከፍቶ ደረጃው ከፍ ያለ ከሆነ፣ በዊልቸር የሚሄደው እንዴት ይገባል? ሞጁሉ በብሬል ወይም በድምፅ ካልተዘጋጀ ለዓይነ ስውሩ ተማሪ ምኑ ነው? ለልጆች እናትስ የማዕከሉ ሰዓት ከእሳት ዳር የምትነሣበት ሰዓት ካልሆነ?

ከባሕሩ ወጥተን ወደ ተራራ እንሻገርና የሌሶቶን ነገር ተመልከት። በደቡብ አፍሪካ መሬት የተከበበች ትንሽ ደጋ አገር ናት። እዚያ ከትምህርት የሚቀረው ብዙውን ጊዜ ወንዱ ልጅ ነው፤ ከብትና በግ ይዞ ወደ ተራራ ይወጣልና። በ1974 የተቋቋመው የሌሶቶ የርቀት ትምህርት ማዕከል ለእነዚህ እረኞች ማንበብና መጻፍ፣ ሒሳብም የሚማሩበትን መንገድ አዘጋጀ፤ በየቀበሌያቸውም የሚሰበሰቡበት የመማሪያ ስፍራ አበጀላቸው። እረኛውን ከበጎቹ ነጥለህ አምጣ አላለም። ሁሉን ያቀፈ ትምህርት ማለት ይህ ነው፤ የቀረው ማን እንደ ሆነ አስቀድሞ ጠይቆ፣ እሱ ካለበት መነሣት።

ዛሬ ብዙ ሰው «ኢንተርኔት ካለ ሁሉ አለ» ሲል ትሰማለህ። እኔም ኢንተርኔትን የምጠላ አይደለሁም። ነገር ግን በጥር 2022 በቶንጋ ባሕር ውስጥ እሳተ ገሞራ ፈነዳና አገሪቱን ከዓለም ጋር የሚያገናኘውን የባሕር ውስጥ ገመድ በጠሰው። ዋናው ደሴት መስመሩ የተመለሰለት ከአምስት ሳምንት በኋላ ነው፤ የሩቆቹ ደሴቶች ደግሞ ከዚያ በላይ ጠበቁ። ትምህርቱን ሁሉ በአንድ ገመድ ላይ የሰቀለ አገር እንዲህ ባለው ቀን ምን ይይዛል? በጋዜጣ የተለበጠው ሞጁል ግን መብራት ቢጠፋም በኩራዝ ይነበባል። ስለዚህ አዲሱን መቀበል መልካም ነው፤ አሮጌውን ከመጣል በፊት ግን ማንን ሲያገለግል እንደ ነበረ መጠየቅ ያሻል።

ትንንሾቹ አገሮች አንድ ሌላም ብልሃት አስተምረውናል። በ2000 የኮመንዌልዝ የትምህርት ሚኒስትሮች በካናዳ ሲሰበሰቡ፣ ትንንሽ አገሮች በኅብረት የሚሠሩበት የርቀት ዩኒቨርሲቲ ይኑር የሚል አሳብ ተነሣ፤ ከ30 በላይ አገሮችም ገቡበት። ሕንፃ የለውም። ከየአገሩ የተላኩ መምህራን በአንድነት ተቀምጠው የማስተማሪያ ጽሑፍ ያዘጋጃሉ፤ በ2006 በሞሪሸስ እንዲህ ተሰብስበው ነበር። የተጻፈውን እያንዳንዱ አገር ያለ ክፍያ ወስዶ፣ ምሳሌውን ለአገሩ እንዲስማማ ለውጦ ያስተምርበታል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚባለው በእርግጥም በዚህ ታየ።

ምናልባት «አገራችን ትንሽ አይደለችም፤ ይህ ሁሉ ለእኛ ምን ይፈይዳል?» ትለኝ ይሆናል። እውነት ነው፤ ሕዝባችን ከመቶ ሚሊዮን በላይ ነው። ሆኖም ክረምት ሲገባ ወንዙ ሞልቶ፣ መንገዱ ተቆርጦ የሚከርመው ቀበሌ ከደሴት በምን ይለያል? በአንድ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ውስጥ አራት ሠራተኞች ብቻ ያሉበት የገጠር ወረዳስ?

ስለዚህ ሁለት ነገር አደራ ልበልህ። ወጣት የመንግሥት ሠራተኛ ከሆንህና የርቀት ትምህርት ሪፖርት ጠረጴዛህ ላይ የደረሰ እንደ ሆነ፣ ስንት ሞጁል ተላከ የሚለውን ብቻ ቆጥረህ አትለፈው። ስንቱ ጨረሰ? ያልጨረሰው ማን ነው? የቤት ሥራው ታርሞ በስንት ሳምንት ተመለሰ? ብለህ ጠይቅ። ይህ ሦስት መስመር ቢጨምር ቅጹን አያበላሸውም። ተማሪ ከሆንህ ወይም ከሆንሽ ደግሞ፣ እኅቴ፣ ሞጁሉ በመጣ ቀን ሌሎች ሁለት ሰዎች ፈልጉና የምትገናኙበትን ቀን ቁረጡ። ቤት ያለው ቤቱን ይክፈት፤ የተማረው ካለ ይጠራ። የሚጠይቃችሁ ሰው ይኑራችሁ፤ እናንተም ለሌላው ጠያቂ ሁኑለት።