ደስታም የራሱ ድርሻ አለው

ትምህርት ቤት ሊዘጋ ሲቃረብ አሜሪካ በምንኖር ቤተሰቦች ዘንድ አንድ ጥያቄ ይነሳል፤ «ዘንድሮ የት እንሄዳለን?» የእኛ ልጆች መልሱን ካዘጋጁ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ፍሎሪዳ፣ ኦርላንዶ፣ ዋልት ዲዝኒ ወርልድ። እነርሱ ስለ ጨዋታው ከጓደኞቻቸው ሰምተዋል፤ እኛ ደግሞ ስለ ዋጋው ሰምተናል።

ከዋጋው የሚከብድ ሌላ ጥያቄም አለ። አገር ቤት መድኃኒት የሚገዛላቸው እናት አሉ፤ የትምህርት ቤት ክፍያ የሚጠብቅ የወንድም ልጅ አለ። «ይህን ሁሉ ገንዘብ ለጨዋታ ከምናወጣው ብንልከው አይሻልም?» የሚለው ሐሳብ ደስታችንን ገና ሳይጀመር ይቀማናል። በዚህ ምክንያት ስንት ቤተሰብ አንድም ቀን አብሮ ሳያርፍ ልጆቹ አድገው ከቤት ይወጣሉ!

ስንጸልይና ስንመካከር የረዳን ዘዳግም 14፥22–29 ነው። ስለ አሥራት ስናስተምር ይህን ክፍል ሳናነብ እናልፋለን። እስራኤላዊው ከእርሻው አሥረኛውን ለይቶ፣ ከቤተሰቡ ጋር እግዚአብሔር ወደ መረጠው ስፍራ ሄዶ በፊቱ እንዲበላና ደስ እንዲለው ታዟል። መንገዱ ከራቀበት ምርቱን ሸጦ ገንዘቡን ይይዛል፤ እዚያ ሲደርስ ልቡ የወደደውን ይገዛል። ኦርላንዶ ኢየሩሳሌም አይደለችም፤ ዲዝኒም መቅደስ አይደለም። ነገር ግን አምላካችን ቤተሰብ አስቀድሞ ቆጥቦ፣ ርቆ ሄዶ፣ በፊቱ ደስ እንዲለው የሚፈልግ አምላክ መሆኑን እናያለን።

ደግሞም ያው ክፍል ሌዋዊውን እንዳይረሱ ያሳስባል፤ በየሦስተኛው ዓመት ለመጻተኛው፣ ለድሀ አደጉና ለመበለቲቱ የሚሰጠውንም ይደነግጋል። የደስታው ድርሻና የድሀው ድርሻ እዚያው ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ አንዱ የሌላውን አይበላም። እኛም በዚህ ተስማማን፤ አገር ቤት የምንልከው በየወሩ እንደ ወትሮው ይሄዳል። የጉዞው ከሌላ ኪስ ይጠራቀማል፤ እስኪሞላ እንጠብቃለን እንጂ በክሬዲት ካርድ አንሄድም። ግንብ ሊሠራ የሚወድ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ኪሳራውን እንዲቈጥር ጌታ አስተምሮናል (ሉቃ. 14፥28)።

ስንቈጥርም ይህን አገኘን። የመግቢያ ዋጋው እንደ ቀኑ ይለያያል። ከ3 ዓመት በታች ያለ ሕፃን በነፃ ይገባል፤ ከ3 እስከ 9 የልጅ፣ ከ10 ጀምሮ የአዋቂ ዋጋ ይከፈላል። ፓርኮቹ አራት ናቸው፤ እኛ ማጂክ ኪንግደምንና አኒማል ኪንግደምን ብቻ መረጥን። ምግብ ይዞ መግባት ስለሚፈቀድ ዳቦና ፍራፍሬ ከቤት እንይዛለን።

አብራን የምትሄደው የልጅ ልጃችን 3 ዓመት ከሞላት ሁለት ወሯ ነው። አንድ ወዳጃችን፣ «ሁለት ዓመቷ ነው በሉ፤ ማን ያውቃል?» አለን፤ ለእኛ አዝኖ ነው። የ11 ዓመት ልጃችን ግን አጠገባችን ተቀምጦ ይሰማ ነበር። የእርሷንም ትኬት በጀቱ ውስጥ ጻፍነው። ትኬቱ ውድ ነው፤ ልጁ ግን ከአንደበታችን የሚማረው ነገር ከትኬቱ በላይ ያስከፍላል። ደስ ልንሰኝ በእግዚአብሔር ፊት ከሄድን በሩ ላይ ዋሽተን እንዴት እንገባለን?

ስፔስ ማውንቴን የተባለው ጨዋታ ቁመቱ 112 ሴንቲ ሜትር ያልደረሰ ልጅ አያስገባም። ለዚህም መላ አላቸው፤ አንዱ ወላጅ ከትንሿ ጋር ይቆያል፣ ሌላው ተጫውቶ ሲመለስ ተራ ሳይጠብቅ ይተካዋል። ትንሹን የሚጠብቅ አይከስርም ማለት ነው። በቤትም በቤተ ክርስቲያንም እንዲህ ብንተካካ መልካም ነበር።

ጌታ ኢየሱስ 12 ዓመት ሲሆነው የሆነውንም አንብበናል (ሉቃ. 2፥41–52)። ዮሴፍና ማርያም ከመንገደኞች ጋር ያለ መስሏቸው የአንድ ቀን መንገድ ሄዱ። ስለዚህ ብንጠፋፋ የምንገናኝበትን ቦታ ተስማምተናል፤ ስልክ ቁጥራችንንም በወረቀት ጽፈን በሕፃኗ ኪስ እናደርጋለን። የ16 ዓመቷ ልጃችን ግን ሌላ ጥያቄ ጠየቀች፤ «አባዬ ስልኩን ይዞ ነው የሚሄደው?» ጥያቄዋ ልብ ይነካል። አብሮ መጓዝና አብሮ መሆን አንድ አይደሉም። ሽማግሌዎቻችን ለአምስት ቀን ጥሪውን ሊቀበሉልን በደስታ ተስማምተዋል።

ምናልባት የእናንተ አቅም ኦርላንዶ አይደርስም፤ የአንድ ቅዳሜ መናፈሻ ይበቃል። የልጆቻችሁ ዕድሜ ግን አይጠብቅም። ዛሬ ማታ ከማዕድ በኋላ ሁለት ነገር ጻፉ፤ ለችግረኛ የምንለየው ስንት ነው? ከልጆቻችን ጋር በጌታ ፊት ደስ ለመሰኘት የምንለየውስ? ሁለቱንም በጸሎት ለእርሱ አቅርቡ።

ጌታ ቤታችሁን በደስታ ይሙላ። አሜን።