ከአሸዋ እስከ አፍሪካ አዳራሽ

መስታወት በመሠረቱ የቀለጠ አሸዋ ነው። ንጹሕ የሲሊካ አሸዋ ለመቅለጥ 1700 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይፈልጋል። ሶዳ ሲጨመርበት በዝቅተኛ ሙቀት ይቀልጣል፤ ሶዳ ብቻውን ግን መስታወቱን ውኃ የሚያሟሟው ስለሚያደርገው ኖራ ይታከልበታል። ቅልጡ ሲቀዘቅዝ አተሞቹ እንደ ጨው ቅንጣት በሥርዓት ሳይደረደሩ ባሉበት ይረጋሉ። እሳተ ገሞራም ይህንኑ ሠርቷል፦ የጥንት ሰው መሣሪያ የጠረበበት ጥቁር ባልጩት የተፈጥሮ መስታወት ነው።

ቀለሙን የሚሰጡት ማዕድናት ናቸው። ኮባልት ሰማያዊ፣ ብረት አረንጓዴ ያወጣል፤ ቅንጣት ወርቅ ደግሞ፣ የሚገርመው፣ ቀይ ያደርጋል። የመስታወት ሥዕል ሠሪ ቀለማሙን ገበታ በንድፉ ልክ ይቆርጣል፣ ጥላውንና መስመሩን በብሩሽ ስሎ በምድጃ ይተኩሳል፣ ቁርጥራጮቹንም በእርሳስ ማቀፊያ ያያይዛል። ሸራ ላይ ብርሃን አርፎ ይመለሳል፤ መስታወትን ግን ሰንጥቆ ያልፋል። ሥዕሉ ጠዋትና ማታ የተለያየ የሚመስለው ለዚህ ነው።

ይህን ጥበብ በኢትዮጵያ ከፍ ካደረጉት ቀዳሚው በ1932 እ.ኤ.አ. አንኮበር የተወለዱት አፈወርቅ ተክሌ ናቸው። በ1947 እ.ኤ.አ. የማዕድን ምሕንድስና ሊማሩ ወደ እንግሊዝ ተላኩ፤ ልባቸው ግን ወደ ሥዕል አደላ። አዲስ አበባ በሚገኘው አፍሪካ አዳራሽ 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍነው ሥራቸው በሦስት ክፍሎች የአህጉሪቱን የባርነት ትናንት፣ ትግሏንና ነገዋን ያሳያል። በሀገር ልብስ የደመቀ ቤተሰብ ችቦ ይዞ ይታይበታል። ንድፉ የእሳቸው ሲሆን መስታወቱ የተሠራው ፈረንሳይ ነው። አፈወርቅ በ2012 እ.ኤ.አ. አረፉ።