የፒፓው እንጉርጉሮ

እሳትና ውሃ ጠላቶች ናቸው ይባላል። ፒፓ የሚያጨስ ሰው ግን ይህን አባባል እንዳለ ለመቀበል ይቸገራል፤ እሳት ራሱ ውሃ ሲወልድ ያያልና። ትምባሆው ምንም ያህል ቢደርቅ፣ ቀኑ ምንም ያህል ፀሐያማ ቢሆን፣ ጥቂት ሳብ ሳብ እንዳደረጉት ከፒፓው አንገት ውስጥ አንድ ቀጭን ድምፅ መሰማት ይጀምራል። መጀመሪያ እንደ ሹክሹክታ ነው፤ ቀጥሎ በለስላሳ እሳት ላይ እንደ ተጣደ ወጥ ይንተከተካል፤ በመጨረሻም ራሱን የቻለ እንጉርጉሮ ይሆናል። ከዚያ ወዲያ የሚመጣውን አጫሽ ሁሉ ያውቀዋል፤ መራራ ጠብታ ምላስ ላይ ታርፋለች።

ይህን የምጽፈው ማንንም ወደ ትምባሆ ለመጋበዝ አይደለም። ጢሱ በሲጃራም ይሳብ በፒፓ፣ የአፍን፣ የጉሮሮንና የሳንባን ካንሰር እንደሚያመጣ የታወቀ ነው፤ በእኛ ቤት ደግሞ በወሬ ሳይሆን በኑሮ ታውቋል። የምጽፈው ስለዚያ ድምፅ፣ ድምፁንም ስለሚወልደው እርጥበት ነው።

እርጥበቱ ከየት ይመጣል? ብዙ ሰው «ምራቅ ነው» ብሎ ይደመድማል። ምራቅም ድርሻ አለው፤ ዋናው ምንጭ ግን ቃጠሎው ነው። ማናቸውም ቅጠል ሲነድ በውስጡ ያለው ሃይድሮጅን ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ተዋሕዶ የውሃ ተን ይሆናል። በዚህ ላይ ትምባሆው ራሱ ተሸክሞት የመጣው ውሃ አለ፤ የፒፓ ትምባሆ እንዳይሰባበር ሲባል ለዘብ እንዳለ ይታሸጋልና። እንጀራ ሲጋገር ያየ ሰው ቀሪውን ለመረዳት አይቸገርም። ከምጣዱ የተነሣው ተን አክንባሎውን ሲነካ ላብ ሆኖ ይንጠባጠባል። ፒፓም እንዲሁ ነው፤ ከጋለው ሆዱ የወጣው ተን ቀዝቀዝ ባለው አንገቱ ውስጥ ሲያልፍ ወደ ውሃነት ይመለሳል። በተለይ የአፍ መያዣው ጫፍ ከአንገቱ እንጨት ጋር በሚጋጠምበት ቦታ ክፍተት ካለ፣ ውሃው እዚያ እንደ ኩሬ ይጠራቀማል። የሚስበው ትንፋሽ በኩሬው ላይ ሲያልፍ እንጉርጉሮው ይወለዳል።

ስለዚህ ፒፓን ከእርጥበት የሚያስጥለው የመጀመሪያው ጥበብ ትዕግሥት ነው። የሚቸኩል ሰው እሳቱን ያግላል፤ እሳቱ ሲግል ተኑ ይበዛል፤ ተኑ ሲበዛ ውሃው ይበዛል፤ ያ የጋለ ተን ምላስንም ይለበልባል። ትኩስ ቡና ፉት እንደሚሉት ቀስ ብሎ መሳብ፣ እሳቱ ሊጠፋ ቢቃረብም አለመደንገጥ፣ ቢጠፋም ደግሞ መለኮስ ይሻላል። ሁለተኛው ዝግጅት ነው። ትምባሆውን ከመሙላት በፊት በወረቀት ላይ አስጥቶ ግማሽ ሰዓት ያህል ማናፈስ ያስፈልጋል። በጣት ቆንጥረው ሲለቁት ተጣብቆ ከቀረ ገና ነው፤ ከተንኮሻኮሸ አልፎበታል፤ ቀስ ብሎ ከተፍታታ ሰዓቱ ደርሷል። አሞላሉም በሦስት ጊዜ ነው፤ ታችኛው በልጅ እጅ፣ መካከለኛው በሴት እጅ፣ የላይኛው በወንድ እጅ ይጠቅጠቅ ይላሉ የጥንት አጫሾች። ታች ከጠበቀ አየር ያጥራል፤ አየር ሲያጥር ሰው በኃይል ይስባል፤ በኃይል ሲስብ ደግሞ ወደ ውሃው ይመለሳል።

የሰው ልጅ ይህን ጠብታ ለማሸነፍ ብዙ ደክሟል። በደብሊን ከተማ ቻርልስ ፒተርሰን የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1890 ከአንገቱ ሥር ውሃ ማጠራቀሚያ ጉድጓድ ያለው ፒፓ ፈልስፎ የፈጠራ መብት አስመዝግቧል። ቱርኮች ከኤስኪሼሂር ምድር የሚቆፈረውን፣ እርጥበት የሚመጥ ነጭና ቀላል ድንጋይ ጠርበው ፒፓ ያደርጉታል። አሜሪካውያን በሚዙሪ ግዛት የበቆሎ ቆረቆንዳ ፈልፍለው ፒፓ መሥራት ከጀመሩ ከ150 ዓመት በላይ ሆኗቸዋል፤ ቆረቆንዳው እንደ ስፖንጅ ይጠጣልና። የእኛ ሰው ደግሞ ተቃራኒውን መንገድ መርጧል። ጋያን ያየ ያውቀዋል፤ በቅሉ ውስጥ ውሃ ተጨምሮ ጢሱ በውሃው መካከል እየተንቦጫረቀ ይወጣል። ፒፓ እርጥበትን ይሸሻል፤ ጋያ ግን ከነአካቴው ቤቱ አስገብቶ ያስቀምጠዋል። በጋያ ዘንድ ድምፁ ጉድለት አይደለም፤ ሥራው መሠራቱን የሚነግር ምልክት ነው እንጂ። ጢሱ ይቀዘቅዛል፤ ጉዳቱ ግን አይታጠብም።

ከሁሉ ይልቅ የገረመኝ የእንጨቱ ነገር ነው። በዓለም የታወቁት የእንጨት ፒፓዎች የሚጠረቡት በሜዲትራኒያን ባሕር ዙሪያ ከሚበቅል አንድ ቁጥቋጦ ሥር፣ ከግንዱና ከሥሩ መገናኛ ላይ እንደ ዕባጭ ከሚያድገው ጉጥ ነው። ጉጡ ተቆፍሮ ይወጣል፤ ለሰዓታት ይቀቀላል፤ ከዚያም ለወራት በጥላ ይደርቃል። ማለትም ፒፓ ገና ፒፓ ሳይሆን ከእርጥበት ጋር አንድ ጦርነት ተዋግቶ አሸንፏል። ሳይንሱ ይህን ተክል ኤሪካ አርቦሪያ ይለዋል። የእኛ ደገኛ ደግሞ አስታ ይለዋል! በሰሜን ተራሮችና በባሌ፣ ጉም በማይለየው ከፍታ ላይ የሚበቅለው ያው አስታ። ይህን ባነበብሁ ዕለት መሳቢያ ውስጥ የተቀመጠውን ፒፓ አውጥቼ በሌላ ዓይን አየሁት። ባዕድ መስሎኝ የኖረው ዕቃ ለካ የሥጋ ዘመድ ነበር።

ፒፓው የአባቴ ነው። ወጣት ሳለ አብሮት ይሠራ የነበረ አንድ ጣሊያናዊ ወደ አገሩ ሲመለስ የሰጠው ነው፤ ከዚያ በኋላ ሠላሳ ዓመት ያህል አጭሶበታል። አባቴ ከላይ ከዘረዘርኋቸው ጥበቦች አንዱንም አያውቅም ነበር፤ ቢያውቅም ግድ አልነበረውም። ትምባሆውን ከነእርጥበቱ ይሞላል፤ በኃይል ይስባል፤ ሲጨርስ አመዱን በረንዳው ጠርዝ ላይ መታ መታ አድርጎ ኪሱ ይከተዋል። እናቴ ቤት ውስጥ እንዲያጨስ ፈቅዳለት አታውቅም። ስለዚህ ማታ ማታ መብራት ጠፍቶ እኛ ልጆቹ ስንተኛ፣ ከበረንዳው በኩል ያ እንጉርጉሮ ይሰማን ነበር። ሳሉም አብሮት ይሰማ ነበር። በ2008 ዓ.ም. በጉሮሮ ሕመም ዐረፈ። በመጨረሻዎቹ ወራት ድምፁ ጠፍቶ በወረቀት ላይ እየጻፈ ነበር የሚያናግረን።

ፒፓው ብዙ ክረምት በመሳቢያ ውስጥ ከረመ። ሳወጣው ሆምጣጤ ሆምጣጤ ይሸታል፤ አንገቱ በጥቁር ዝቃጭ ተደፍኖ ትንፋሽ አያሳልፍም፤ ሆዱ በውስጥ በከሰል ቅርፊት ጠቦ ትንሿ ጣቴ እንኳ አትገባም። መጣል ወይም ማዳን ነበረብኝ። እናቴ መጣሉን ብትመርጥ አልፈርድባትም፤ ባሏን ምን እንደ ወሰደባት ታውቃለች።

እኔ በሙያዬ የባንክ ሠራተኛ ነኝ። ከመስኮቱ ጀርባ ተቀምጦ ገንዘብ የሚቆጥር ሰው ስለ እርጥበት መጠን አንድ ነገር ያውቃል። አጠገባችን ትንሽ እርጥብ ስፖንጅ አለች። ጣት ሲደርቅ ብሩ ይንሸራተታል፤ ከመጠን በላይ ሲርስ ሁለት ኖት ተጣብቆ እንደ አንድ ይቆጠራል፤ ማታ ሒሳብ ሲዘጋ ጉድለቱ ከኪስ ነው። ጥበቡ ያለው በልኩ ላይ ነው። በዚህ እምነት አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ሥራውን ጀመርሁ።

ከመነሻው አንድ ሕግ አለ፤ ፒፓ በጋለበት ሰዓት አንገቱን ነቅለው አይለዩትም፤ ይሰበራልና። የአባቴ ፒፓ ግን ከበረደ ዓመታት አልፈውታል። ቀስ ብዬ እያዞርሁ ነቀልሁት። ጥጥ የጠመጠምሁበትን ቀጭን ሽቦ በዳግም አረቄ እያራስሁ ቀዳዳውን ደጋግሜ አሻሸሁት፤ ሽቦው ቡና መስሎ ይወጣል፤ ጥጡን እለውጣለሁ፤ ደግሞ ቡና መስሎ ይወጣል። ከዚያ ሆዱን በደረቅ ጨው ሞልቼ ጥቂት አረቄ ጠብ ጠብ አደረግሁበት፤ ጨው ያሰነጥቃል ብለው የሚፈሩ በምትኩ ጥጥ ይጠቀጥቃሉ፤ ያውም ይሠራል። አረቄው የሠረጸውን ይፈታል፤ ጨው ደግሞ የተፈታውን ይመጥጣል። በማግስቱ ነጩ ጨው ጠቁሮ አገኘሁት።

የቀረው ቅርፊቱ ነበር። ከሰሉ በልኩ ሲሆን እንጨቱን ከእሳት ይጠብቃል፤ እርጥበትም ይመጣል። ሲወፍር ግን በሙቀት ከእንጨቱ ጋር እኩል ስለማይለጠጥ ሆዱን ይሰነጥቃል። አንድ ሚሊሜትር ያህል ተትቶ የቀረው መፋቅ አለበት። ይህ ለሌላ ሰው ቀላል ሥራ ነው። ለእኔ ግን ያ ቅርፊት የአባቴ ሠላሳ ዓመት ነበር፤ እያንዳንዱ ምሽት እንደ ስስ ወረቀት ተደራርቦ የተጻፈበት። ቢላዋውን ይዤ ብዙ ቆየሁ። ከዚያ ጀመርሁ። እናቴ መጥታ ከኋላዬ ቆማ ኖሯል።

«ምን እያደረግህ ነው?»

«እየጠረግሁት ነው እማዬ። ከሰሉ በዝቷል፤ ካልተፋቀ ይሰነጠቃል።»

ዝም አለች። ጋዜጣው ላይ የወደቀውን ጥቁር ዱቄት ተመለከተች። ለሠላሳ ዓመት ከመጋረጃና ከአልጋ ልብስ ላይ ስታጥበው የኖረችው ጢስ ነው።

«ሁሉንም አትፋቀው» አለች በመጨረሻ፤ «ትንሽ ተውለት።»

ስለ ሚሊሜትር የነገራት ማንም አልነበረም። «ተውለት» ያለችው ለፒፓው ይሁን ለአባቴ አልጠየቅኋትም። ዱቄቱን በጋዜጣው ጠቅልላ ወሰደችና ሎሚው ሥር ደፋችው።

ከሳምንት በኋላ፣ ሁሉም በደንብ ከደረቀ ወዲያ፣ በዚያው በረንዳ ላይ አንድ ጊዜ ለኮስሁት። ትምባሆውን አናፍሼ፣ በሦስት እጅ ሞልቼ፣ ቀስ ብዬ ሳብሁ። ጢሱ ቀዝቃዛና ደረቅ ነበር። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንዲት ጠብታ አልመጣችም፤ አንድም ድምፅ አልተሰማም። እንደ መጽሐፉ ከሆነ ይህ ፍጹም የሆነ አጫጫስ ነው። እናቴ ከውስጥ ሆና «ያ ድምፁ የት ሄደ?» ብላ ጠየቀችኝ። «ዳነ» አልኋት። ከዚያ ወዲህ አልለኮስሁትም፤ ለሎሚው የሚደፋ ሌላ ቅርፊት እንዳታይ ስል ነው። በየክረምቱ መግቢያ ግን አውጥቼ እጠርገዋለሁ፤ ሽቦውን አሳልፌ አየር አስመታዋለሁ።

ግጥም ለምንሞክርም ሰዎች በዚህ ውስጥ ትምህርት ያለ ይመስለኛል። ኀዘኑ ትኩስ ሳለ የጻፍሁት ሁሉ እርጥብ ነበር፤ አይነድም፤ ቢነድም ይንተከተካል፤ አንባቢውን መራራ ጠብታ ያጎርሰዋል። ለዓመታት አስጥቼ ሳናፍሰው ደግሞ እንዳይንኮሻኮሽ እፈራለሁ። ልኩ የቱ ጋ እንደሆነ የሚነግረኝ ጣቴ ብቻ ነው። ከዚህ በታች ያለው ቆንጥሬ የለቀቅሁት ነው፤ መፍታታቱን አንባቢ ይፍረድ።

ጨው ሞላሁት ሆዱን፣ አረቄ አጠጣሁት፣
ሌሊቱን አሳድሬ በጧት አራገፍሁት፤
ጉሮሮው ጠራለት፣ መተንፈሻው ዳነ፣
ያ የማታው ዜማ የት ገብቶ ባከነ?
በልጅነት ዓለም ድምፁን እየሰማሁ፣
«አባቴ አለ» ብዬ በሰላም የተኛሁ፣
ዛሬ ፒፓው ደርቆ ዝም ብሎ ሲያድር፣
እኔ ነኝ በሌሊት የማንጎራጉር።